የአንጓች ድንጋይ

ተቀመጪ። እዚህ ድንጋዩ ላይ። አይዞሽ፣ አይነክስም።

አውቃለሁ፣ ባገርሽ እንግዳ ደጅ ላይ አይጎለትም። አማትሽ ወደ ትሁኔ ቤት ሂጂና የታመመ ልጇን ተቀበያት ብላ ስትልክሽ፣ እኔ ደግሞ በሯ ላይ አስቁሜ ተቀመጪ ስልሽ፣ ይቺ አሮጊት ምን ነካት ብለሻል። በልብሽ ነው ያልሽው፤ ፊትሽ ግን ያሳብቅብሻል። ሙሽራ ነሽና እታገስሻለሁ። ዳገቱን እየሮጥሽ ነው የመጣሽው፣ ላብሽ በጆሮ ግንድሽ ይወርዳል። እሱ እስኪደርቅ አወራሻለሁ። እዚህ መንደር ያገባች ሁሉ፣ የመጀመሪያ ተራዋ ሲደርስ፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ይህንኑ ሰምታለች። አማትሽም ሰምታለች፤ ያኔ የምታወራው እናቴ ነበረች።

እንግዲህ እኔ ሳልወለድ፣ እናቴም ሳትወለድ፣ አያቴ ገና በአንቀልባ ስትታዘል፣ ያ የምታዪው ዳገት ሁሉ ጫካ ሳለ፣ በዚህ በሸምበቆ በር አንጓች የምትባል ፈታይ ነበረች።

ጥጥ ትፈትላለች። ልቃቂቱን ለሸማኔ ትሰጣለች። በምታገኘው እህል ታድራለች። መሬት የላት። በሬ የላት። ባል የላት። እናትና አባቷ ሞተዋል። አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻት፣ እሷም በወሊድ ሞተች። ሕፃኗ ተረፈች። አባትየው ሐዘኑ ቢከብደው ጨው ነጋዴ ተከትሎ ቆላ ወረደ፣ ወርዶም ቀረ። ሕፃኗን አንጓች ወሰደቻት። ስሟንም ወለላ አለቻት።

ወለላ እንደ ሌላ ልጅ አልነበረችም። ምጡ ረዝሞ ስትወለድ ትንፋሽ አጥሯት ነበር አሉ። አንገቷ አልቆም አለ። እጆቿ ይደርቃሉ፣ ጀርባዋ ወደ ኋላ ይገተራል። ጡት መሳብ አትችልም፤ አፏ ላይ ጠብ ያደረጉላት ሁሉ ትን ይላታል። ደረቷ በአክታ ይንኮራኮራል። ቆይቶም የሚጥል በሽታ ተጨመረባት። የመንደሩ ሰው አይቶ፣ ይቺ ልጅ መስቀልን አትደርስም አለ። በክፋት አይደለም። ብዙ ልጅ የቀበረ ሰው እንዲያ ነው የሚናገረው።

አሁን ስለ ድንጋዩ ልንገርሽ። ያኔ በየቤቱ ደጅ እንዲህ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ላቡ ያልደረቀ ሰው የታመመ ሕፃን ያለበት ቤት ከገባ ሕፃኑን ምች ይመታዋል ይባል ነበር። ስለዚህ ጨዋ ሰው የታመመ ሊጠይቅ ሲሄድ ከድንጋዩ አያልፍም። ያመጣውን እዚያ ያስቀምጣል፣ እግዜር ይማርልሽ ይላል፣ ይሄዳል። ይህ ጨዋነት ነው። የቤቱ ባለቤት ግቡ ትላለች፣ ይህም ጨዋነት ነው። ግቡ ሲሉት አልገባም ማለትም ጨዋነት ነው። እንዲህ በጨዋነት ታጥረን ነበር የምንኖረው፣ ልጄ።

መጀመሪያ የመጣባት ረኃብ ነው። ወተትማ ነበረ፤ ሰው ክፉ አልነበረም አልኩሽ፣ ያመጡላት ነበር። ወለላ ግን መዋጥ አቃታት። በቀንድ ሰጠቻት፣ ትን አላት። በጣቷ ሰጠቻት፣ ትን አላት። ፊቷ ይጠቁራል፣ ዓይኗ ይገለበጣል፣ አንጓች በሆዷ አስተኝታ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋታለች፣ ትንፋሿ ይመለሳል። ልጅቷ ቀን በቀን እየቀለለች ሄደች። አንጓች ስታቅፋት ልቃቂት ያቀፈች ይመስላት ጀመር።

ታዲያ አንጓች ምን ታውቃለች? ጥጥ ታውቃለች። ከባዘቶው፣ ከተነደፈው ጥጥ፣ ቆንጥራ ወተት ውስጥ ነከረች። ልጅቷን አላስተኛቻትም። ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፣ አንገቷን በክንዷ ያዘች፣ አገጯን ትንሽ ወደ ታች አለችላት። ባዘቶውን ከንፈሯ ላይ ጨመቅ አደረገች። ጠብ። ጉሮሮዋን አየች። ጠበቀች። ጉሮሮዋ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ዋጠች። ደግሞ ጠብ። አየች። ጠበቀች። ዋጠች። ፈታይ መቸኮል አያውቅም፤ ከቸኮልሽ ክሩ ይበጠሳል።

የጠዋቱ ማጠጣት ሳያልቅ የቀትሩ ይደርሳል። በመካከሉ ጎኗ እንዳይቆስል ታገላብጣታለች። ጆሮዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። አክታ ሲሞላባት እጇን እንደ ዋንጫ አጎድጉዳ ጀርባዋን ትመታላታለች። ጨርቋን ታጥባለች። እንዝርቷን ታነሣለች፣ ልጅቷ ታስላለች፣ እንዝርቷን ታስቀምጣለች። ሸማኔው ልቃቂቱ ዘገየ ብሎ ያጉረመርማል። ያጉረምርም።

መስቀል ደረሰ። ወለላ አለች። ሰዎች ሰሙ፣ ደስ አላቸው፣ ቅቤ ይዘው መጡ። "ግቡ" አለች። "ላብ ላይ ነን፣ አንገባም፤ እግዜር ይማርልሽ" አሉ። ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። ሄዱ።

ሲወርዱም የአንጓች እጅ የተባረከ ነው ተባባሉ። ይህ ነገር ምርቃት ይመስላል። ግን አስቢው። የሷ እጅ የተባረከ ነው ካልሽ፣ ያንቺ እጅ አረፈ ማለት ነው።

አንድ ቀን ወለላ ሳቀች። እንደ ዘበት፣ ጠብታውን ውጣ ስታበቃ፣ የአንጓችን ፊት አይታ ሳቀች። ሕፃን ሁሉ ይስቃል፤ ይቺ ግን ስቃ አታውቅም ነበር። አንጓች ታቅፋት ወደ ደጅ ሮጠች፣ ለሰው ልትናገር። ድንጋዩ ላይ ጎመን የሞላ ድስት ተቀምጧል። ያስቀመጠችው ሴት ዳገቱን ወርዳ ጀርባዋ ብቻ ይታያል፣ ጥሪ አይደርስባትም። ለማን ትንገር? ለድስቱ ነገረችው። ሳቀች እኮ አለችው። ይህን ኋላ ራሷ ስታወራ እየሳቀች ነበር የምታወራው፤ እኔ ግን አንድም ቀን ስቄበት አላውቅም።

ሁለተኛው ፈተና ያማረ ነበር። ያማረ ፈተና ከሁሉ ይከፋል። ከማዶ ጓንጉል የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር። ጎተራው የማይጎድል፣ አመሉ ለስላሳ። አንጓች ወለላን አዝላ ወደ ሸማኔው ስትሄድ መንገድ ላይ ያያታል፣ አንዳንዴም የጥጥ ሙዳይዋን ይሸከምላታል። ወደዳት። እሷም አልጠላችውም። ድምፁ ደስ ይለኝ ነበር ብላለች።

ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው መጡ። ከድንጋዩ ደረሱ፣ ቆሙ። ግቡ አለች። ላብ ላይ ነን፣ አንገባም አሉ። ነገሩን ከደጅ ተናገሩ። ጓንጉል ይወድሻል፣ ያከብርሻል፣ እመቤት ያደርግሻል። ልጅቷን ግን አይችላትም። ከገዳሙ ደጅ ብታስቀምጫት መነኮሳቱ አይጥሏትም። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ የራስሽን ትወልጃለሽ አሉ።

አንጓች ወለላን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። አልዋሽሽም፣ አሰበችበት። ሰው ናት። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ቤቷ ውስጥ ከሷና ከልጅቷ በቀር ድምፅ አልነበረም። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሲያስነጥስ መስማት አማረኝ ብላለች፤ ሌላ አይደለም፣ ማስነጠስ ብቻ። እሷም "ይማርህ" ልትለው።

መልስ ሳትሰጥ ወለላን ጣላት። ዓይኗ ወደ ላይ ወጣ፣ ጥርሷ ገጠመ፣ እጅ እግሯ ይንፈራገጥ ጀመር። አንጓች መሬት ቁጭ አለች። ልጅቷን በጎኗ አስተኛቻት፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሷ ሥር አደረገች። አፏ ውስጥ ምንም አላስገባችም። ጨምድዳ አልያዘቻትም። አልጮኸችም። ሲፈትሉ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ ዝቅ አድርጋ አንጎራጎረችላት። ሽማግሌዎቹ አማተቡ። አንዱ ብረት አስጨብጫት አለ፣ አንዱ ጸበል ርጪባት አለ። ሁሉንም ያሉት ከድንጋዩ ላይ ሆነው ነው።

አለፈላት። ወለላ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ተኛች። አንጓች አፏን ጠረገችላትና ቀና ብላ ጠየቀች።

"መነኮሳቱ አንገቷን እንዴት እንደሚይዙ ማን ያሳያቸዋል?"

ሽማግሌዎቹ ለመሄድ ዘንጋቸውን አነሡ።

"እንግዲያው ለጓንጉል እግዜር ይስጥህ በሉልኝ። እኔ ወልጃለሁ።"

ሄዱ። ጓንጉል ከርሞ ሌላ አገባ። የሠርጉ ከበሮ ከማዶ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። አንጓች ያን ቀን ወለላን ስታጠጣ ዋለች። ጠብ። አየች። ጠበቀች። ዋጠች። ከበሮው እስኪቆም እንዝርቷን አላነሣችም።

አትነሺ፣ ገና ነው። አንገትሽ ሥር አልደረቀም።

ሦስተኛው የመጣው በራሷ ገላ ላይ ነው። ዓመታት ሄደዋል። ወለላ ቁመቷ ረዝሟል፣ ክብደቷ ጨምሯል፣ አንገቷ ግን ያው ነው። አንጓች ጎብጣለች። ክረምቱ ሲወጣ በሸምበቆ በር ንዳድ ገባ፣ አንጓችንም ያዛት። ጠዋት ተንቀጠቀጠች፣ ቀን ነደደች። ተነሥታ ወለላን አጠጣች፣ ወደቀች። ተነሥታ አገላበጠቻት፣ ወደቀች።

ጎረቤት ምግብ ይዞ መጣ። ግቡ አለች፤ ድምፅዋ ከበሩ አልደረሰም። ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ፣ እግዜር ይማርልሽ አለ፣ ሄደ። በማግስቱ ሌላው መጣ። ያለፈውን ድስት አየ፣ ሥራ በዝቶባት ነው አለ፣ የራሱን አስጠግቶ አስቀመጠ፣ ሄደ። ሌላዋ መጣች። ድምፅ የለም፣ እየጸለየች ይሆናል፣ አልረብሻት አለች፣ አስቀመጠች፣ ሄደች። ድንጋዩ በድስት ሞላ። ጉንዳን ሰፈረበት። እስቲ አስቢው፤ ምግቡ ደጅ ላይ ይሻግታል፣ ሰው ውስጥ ውኃ ይጠማል፣ መንደሩ በሙሉ ጨዋ ነው። ይህን ባወራሁ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያተረፈቻቸው ጨዋነት የሚባል ያልፈጠረባት ሴት ናት። ቅድመ አያቴ ይርገዱ። ዘመዴ ናት ብዬ አላሳምራትም። አፏ ጤፍ የሚቆላ፣ ውኃ ወርዳ ሳትጣላ የማትመለስ ሴት ነበረች። ይርገዱ እርጎ የሞላች ጮጮዋን ድንጋዩ ላይ ትታ ነበር፤ ጮጮዋ አልመለስ ስትላት ተናደደች። የእናቷ ጮጮ ናት። ዳገቱን እየተራገመች ወጣች። ስንት ዘመን አበላናት፣ ዕቃ እንኳ አትመልስም፣ እጇ የተባረከ ነው ስላሏት ኮራች፣ እያለች።

ከድንጋዩ ደረሰች። ጮጮዋ እዚያው ናት። እርጎው ሻጋታ አብቅሏል። ይርገዱ እርግማኗን ልትቀጥል አፏን ከፈተችና ድስቶቹን አየች። ድስቶቹን ሁሉም አይቷቸዋል፤ እያየ ነው የራሱን የደረበባቸው። ይርገዱ ግን ዕቃዋን የምትቆጥር ሴት ናት። የሰው ዕቃ እንዲህ የሚቆሽሽበት ቤት ባለቤቱ ደህና እንዳልሆነ ታውቃለች። ዘው አለች። በላቧ። በእግሯ ጭቃ።

አንጓች ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ወለላን ደረቷ ላይ ቀጥ አድርጋ በነጠላ ከራሷ ጋር አስራታለች፤ እሷ ነፍሷን ብትስት ልጅቷ ተንጋላ ትን እንዳይላት ብላ ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ከጎኗ ባዶ ቅል አለ። በእጇ ባዘቶ ይዛለች። ወለላ ዓይኗን ከፍታ ታያለች።

አንጓች ይርገዱን አየቻት። ወለላን ካመጣችበት ቀን ጀምሮ ያንን ደፍ ሌላ ሰው ተሻግሮት አያውቅም ነበር።

"ላብሽን አድርቂና ነይ፣ ያዢልኝ" አለቻት።

ሰማሽ? ውጪልኝ አላለቻትም። አትግቢ አላለቻትም። አድርቂና ነይ አለቻት። ሰው ሁሉ ያንን ድንጋይ መመለሻ አድርጎት ኖሯል። እሷ ግን ያን ሁሉ ዓመት ከዚያ ተነሥቶ የሚገባ ሰው ስትጠብቅ ነበር።

ይርገዱ፣ ለባሏ እንኳ እሺ ብላ የማታውቀው፣ እሺ አለች። ወጣች። ድስቶቹን በክንዷ ጠርጋ ከድንጋዩ ላይ ጣለቻቸው፤ ጮጮዋም አብራ ወደቀች። ተቀመጠች። አለቀሰች ይባላል፤ እሷ እስክትሞት ድረስ ላብ ነው እያለች ተከራክራለች። ላቧ ደረቀ። እጇን ታጠበች። ገባች።

መጀመሪያ ለአንጓች ውኃ አጠጣቻት። ከዚያ ልጅቷን ፈትታ ተቀበለቻት። አንጓች ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣት አሳየቻት። አንገቷን እንዲህ። አገጯን እንዲህ። ጠብ፣ እዪ፣ ጠብቂ። ይርገዱ ቸኮለች፣ ወለላን ትን አላት፣ ይርገዱ የምትይዝ የምትጨብጠውን አጣች። አንጓች እጇን ይዛ የት እንደምትመታ አሳየቻት። ትንፋሿ ተመለሰ። ደገመች። ጠብ። አየች። ጠበቀች።

"ዋጠች" አለች ይርገዱ።

አንጓች ያኔ ጋደም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ይርገዱ ልጅቷን እንዳቀፈች ደጅ ወጥታ ጮኸች። መንደሩ ሰው ሞተ ብሎ ሮጦ መጣ። ላቡ እየወረደ ከድንጋዩ ደረሰ፣ እንደ ልማዱ ቆመ። አንዷ እግዜር ይማርልሽ ማለት ስትጀምር ይርገዱ አቋረጠቻት።

"ደጅ ያለ ዘመድ አያሳርፍም። ላባችሁን አድርቁና ግቡ።"

በዚያን ቀን የሸምበቆ በር ሴቶች እዚህ ድንጋይ ላይ በተራ ተቀመጡ። አንዷ ደርቃ ስትገባ አንዷ ትቀመጣለች። ወንዶቹም ተቀመጡ። ወለላን በመጀመሪያ ያዝ ያደረገ ሁሉ ፈራ፤ ያልፈራ አልነበረም። አንገቷን እንዲህ፣ አገጯን እንዲህ ተባባሉ። እጅ ሁሉ ባንድ ቀን ተባረከ።

አንጓች ስትነቃ የመጀመሪያ የሰማችው ቤቷ ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ነው።

"ይማርሽ" አለች። ቀጥላም ወለላ ዋጠች ወይ ብላ ጠየቀች። ትውጣለች፣ ተኚ አሏት። ሴቶቹ አለቀሱ። ይህን ያህል ሲከብድሽ ምነው ሳትጠሪን አሏት።

"ስጠራችሁ ነበር" አለች። "ግቡ እያልኩ።"

አንዷ ተነሥታ ውኃ ቀዳችላት።

አሳምሬ ብነግርሽ ደስ ባለኝ። ግን ንዳዱ ጉልበቷን ወስዶት ነበር፣ አንጓች ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ያን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ኖረች፣ ከሰው ጋር የኖረችው ትንሽ ጊዜ ነው። እጇ ባዶ ሲሆን የምታደርገው ይጠፋት ነበር፤ ልጅቷን ሌላ ሰው ሲያቅፍ በባዶ ክንዷ ትወዛወዝ ነበር አሉ። ስትሞት ወለላ ከይርገዱ ክንድ ላይ ነበረች። ወለላ ከሷ በኋላ ኖረች፣ ከክንድ ወደ ክንድ፣ ከሳቅ ወደ ሳቅ። ያለ ሰው የዋጠችው ጠብታ የለም። እሷም ሞታ ከአንጓች ጎን ተቀበረች።

ከዚያ ወዲህ በሸምበቆ በር የሕሙማን ቤት ድንጋይ አንድ ብቻ ሆነ። እሱም ይኸው የተቀመጥሽበት፣ የአንጓች ድንጋይ ነው። ብርቱ በሽታ ያለበት ልጅ የተወለደበት ቤት ደጅ በሸክም ይወሰዳል። ወደ ትሁኔ ደጅ የተሸከመው ባልሽ ነው፣ ትከሻው የተላጠው በዚህ ነው፤ አልነገረሽም? ድንጋዩ የተቀመጠበት ቤት ተራ አለው። ባለተራው ይመጣል፣ ላቡን ያደርቃል፣ ይታጠባል፣ ይገባል። ምግብ ድንጋዩ ላይ ማስቀመጥ ነውር ነው። ሰው ብቻ ነው የሚቀመጥበት። ከችግር ርቆ ምክር የሚያበዛ ሰው ሲኖርም፣ ደጅ ያለ ዘመድ አያሳርፍም እንለዋለን።

አንገትሽን እስቲ ልንካው። ደርቋል።

ውኃው ያውልሽ፣ እስከ ክርንሽ ታጠቢ። ልጁ ላቀው ይባላል። ትሁኔ ገና በሩ ላይ ስታይሽ፣ አይ ደህና ነኝ፣ አትቸገሪ፣ ዐረፍ በይ ትልሻለች። ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቶ እንዲያ ትልሻለች። ጨዋ ናት። አትስሚያት። ልጁን ተቀበያት። አንገቱን በክንድሽ፣ አገጩን ትንሽ ወደ ታች። ጠብ፣ እዪ፣ ጠብቂ። እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ የሁላችንም ተንቀጥቅጧል።

በይ ግቢ። ለወጉ አይደለም የምልሽ።